የራስሽን መርዶ ላርዳሽ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለፀሎት፤ ቤይሩት።

ይህን ወረቀት ከማንበብሽ በፊት ቁጭ በይ። በወጉ ቢሆን አጠገብሽ ሽማግሌ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ እስከ ቤይሩት የሚላክ ሽማግሌ ግን ካዛንቺስ ውስጥ አላገኘሁም። እንግዲህ ልብሽን አጽኚ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ላንቺ ብቻ ሳይነገርሽ የቆየ ከባድ ሐዘን አለ። የሞትሽው አንቺ ነሽ። ነፍስሽን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ከዚህ ቀጥሎ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ማዳምሽስ ጠባይዋ እንዴት ሆነ? ያ ትንሹ ልጇ አሁንም ይናከሳል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፣ ከእማዬ ጉልበት በስተቀር። እኔማ አምሮብኛል፤ ካላመንሽ ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽን ፋኢዛን ጠይቂያት።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እማዬ ሴፍቲኔት ገብታለች። ለችግረኛ ቤተሰብ የቀለብ ብር ይሰጣል፣ በምትኩ መንገድ ትጠርጊያለሽ፣ ከክረምት በፊት ደግሞ የተደፈነ ቦይ ትከፍቺያለሽ። ከፋሲካ ወዲህ የእማዬ ጉልበት አብጦ መቆም ሲያቅታት በእሷ ፈንታ የምወጣው እኔ ሆንኩ። አዎ፣ እኔው ኤርሚ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ፣ አካፋ ይዤ። ሳቂ፣ ችግር የለም፤ ሰፈሩም ስቆ ጠግቧል።

የቡድን መሪያችን ጋሽ ገብረአምላክ የድሮ ወታደር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቦዩ አፍ ላይ አሰልፎን ሕጉን አሰማን። የቀረ ሰው በቂ ምክንያት ያቀርባል፤ የሐኪም ወረቀት ያለው ሕመም፣ ወሊድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የቅርብ ዘመድ ሐዘን። ከዚህ ውጪ ያለው ምክንያት ሳይሆን ወሬ ነው አለን። ከኋላችን የሚኖረውን ተከስተን ታስታውሺው የለ? እሱ መቅረት አበዛ። አንድ ጠዋት ስም ሲጠራ የሱን ስም ዘለሉት። ማንም ምንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር፣ ቀጣዩ ተራ የኛ ነው እላለሁ። እማዬም ማታ ማታ ጉልበቷን እያሸች፣ ይህቺ ቀለብ ከቀረች እኔና አንተ አፈር ልንቅም ነው ትለኛለች። ያንቺም ስልክ ከፋሲካ ጀምሮ ዝግ ነበር፣ ወሬሽም ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ ወንድምሽ ኳስ ሲያይ አምሽቶ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ተኝቶ ከሥራ የቀረው።

በማግስቱ ጋሽ ገብረአምላክ ለብቻዬ ጠራኝና ትናንት የት ነበርክ አለኝ። በሆዴ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ታምሜ ነው እንዳልል ወረቀት የለኝም፣ ጉንጬም ያሳብቃል። ወልጄ ነው እንዳልል አራስ ልጠይቅ ቢለኝስ። ፍርድ ቤት ብል ምን ሰርቀህ ይለኛል። የቀረኝ ሐዘን ብቻ ነው። ግን ማን ይሙትልኝ? አባታችንን ሁለት ጊዜ መግደል ነውር ነው። እማዬን ሰውዬው ያውቃታል። በቃ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ሩቅ አገር፤ ካንቺ የተሻለ ሬሳ አላገኘሁም። አንገቴን ደፋሁና፣ እህቴ ፀሎት ቤይሩት ላይ አረፈች፣ ትናንት ተደውሎ ተነገረኝ አልኩት።

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። እናትህ ሰምተዋል ወይ አለኝ። እኔ አራዳው ደግሞ ቤታችን ድረስ እንዳይመጣ ብዬ፣ አልሰማችም፣ ልቧ ደካማ ነው፣ አደራ እንዳይነገራት አልኩት። በሩን የቆለፍኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ቁልፉን ለነሱ ሰጥቻቸዋለሁ። ያልሰማች እናት ካለች መርዶ አለ፤ መርዶ ካለ ደግሞ ሰፈር ዝም አይልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እየከበደ መጣ፣ ፀሊ። እማዬ ቦኖ ውሃ ስትሄድ ወሬ ይቆማል። ሴቶቹ ሲስሟት አንገቷን ይዘው ይቆያሉ። ከቡድናችን እትዬ ተናኘወርቅ ስኳር ይዛ መጣችና፣ ያንቺን ፎቶ ግድግዳው ላይ ስታይ ፊቷን ወደ ምሰሶው አዙራ ተቀመጠች። ስትሄድ እማዬ ስኳሩን እያየች፣ ሰው በደህናው ስኳር አይሰጥም አለች። በሌላ ቀን የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ አጥር ላይ ሲሰጣ አየች። ክረምት ሲመጣ እንዳይሻግት ነው አልኳት። እማዬ ድንኳኑን ትክ ብላ አይታ፣ ማን ሊሞት ነው አለችኝ።

ለጋሽ ገብረአምላክ እውነቱን ልናገር ብዬ ስንቴ ወደሱ ሄድኩ መሰለሽ። በሄድኩ ቁጥር ትከሻዬን ይዞ፣ አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ ይለኛል። የተከስተ በር ቁልፍ ፊቴ ላይ ይመጣል፣ እመለሳለሁ።

ለገሃር ወርጄ ከስልክ ቤት ላንቺ ደወልኩ። አንዲት ሴት በአረብኛ የሆነ ነገር ትናገራለች፣ ከዚያ ይቋረጣል። ደጋግሜ ብደውል ያችው ሴት፣ ያው ድምፅ። ምን እንደምትል አላውቅም፤ ግን መርዶ ነጋሪ መሰለችኝ። ከአፌ ያወጣሁት ነገር ቀድሞኝ እዚያ ደርሶ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። እማዬ በሰው ሞት አትቀልድ፣ ሞት ስሙ ሲጠራ ይሰማል የምትለው ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የሰፈር ሰው በዚያ ሰዓት በዝቶ የሚያንኳኳው ለአንድ ነገር እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ጋሽ ገብረአምላክ ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ቆሟል፣ ከኋላው የእድር ሽማግሌዎች፣ እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በሩ ላይ ተደቅኜ፣ አልሞተችም፣ ተመለሱ አልኳቸው። እትዬ ተናኘወርቅ አቀፈችኝና፣ እውነትህን ነው የኔ ልጅ፣ አላምንም ያሰኛል አለችኝ። ክፋቱ ደግሞ፣ አልሞተችም አልኩ እንጂ በምን አውቄ።

እማዬ ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም አስቀመጠቻቸው። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እትዬ ሸዋዬ፣ የሰጠ አምላክ ሲወስድ ብሎ ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ አለች፤ ከዚያ በጣቷ ወደኔ አሳይታ፣ ይሄ ልጄ ማንን እንደገደለብኝ እሱ ራሱ ይናገር አለች።

ለካ ሰውየዋ፣ ማለቴ እናታችን፣ ከስኳሩና ከድንኳኑ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ያችን ጉልበት እየጎተተች ወሎ ሰፈር ወርዳ፣ ረመዳንን ከቤተሰቧ ጋር ልትጾም ከቤይሩት የመጣችውን ፋኢዛን አገኘቻት። ፋኢዛም ካንቺ ፎቅ በላይ የምትሠራ ጓደኛዋ ጋ ደውላ አስጠራችሽ። ያን ዕለት እማዬ ገና ከሃሎ በፊት በሕይወት አለሽ ወይ ስትልሽ፣ ምን ነካሽ ብለሽ ስቀሻል አሉ። የነካት እኔ ነኝ። ስልክሽ የማዳም ልብስ መዘፍዘፊያ ውስጥ ገብቶ መሞቱንም ያን ጊዜ ሰማች። እሱ ብቻ ነው የሞተው።

እውነቱን ተናገርኩ። እትዬ ተናኘወርቅ ባዘቀዘቀችው ነጠላ ጀርባዬን አቀመሰችኝ። ጋሽ ገብረአምላክ ግን ጋቢውን እያስተካከለ፣ ለአንድ ቀን ነው ይህ ሁሉ ጣጣ አለኝ። ለአንድ ቀን ምክንያትም አያስፈልግ፤ ቅዳሜ መጥተህ ታካክሳለህ፣ አለቀ። ምክንያት የሚጠየቀው አመል ላደረገ ሰው ነው። ተከስተስ አልኩት። ተከስተማ ማን አባረረው፣ ሰንጋ ተራ ሕንፃ ሥራ አግኝቶ ራሱ ነው የተወን፣ ከሁላችንም በልጦ ይበላል አለኝ።

እማዬ ጉልበቷ ሻል ብሏት ትስምሻለች፤ ስኳሩን ግን አልመልስም ብላለች። እትዬ ተናኘወርቅ ያለቀስኩልሽን ዕንባ በዕድሜሽ ላይ ይጨምርልሽ ትላለች። ጋሽ ገብረአምላክ ነፍስ ይማር ያልኩትን አንስቻለሁ በልልኝ ብሏል። ፋኢዛ ኢድን ውላ ትመጣልሻለች፣ በርበሬውን ከሷ ተቀበዪ። አንቺም ለናካሹ ልጅ ሰላም በይልኝ። ደግሞ ስልክ ግዢ። ያችን አረብኛ ተናጋሪ ሴት ሁለተኛ መስማት አልፈልግም።

በተረፈ ነገሩ ሁሉ ሲጨመቅ ይህን ያህል ነው፤ አንድ ቀን ተኝቼ ከሥራ ቀረሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ ቦይ ጠረግሁ።

ገዳይሽ ወንድምሽ ኤርሚ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 6 ቀን 2010 ዓ.ም.