ባነሩን አልለቅም ያለው ፀጉር አስተካካይ

እህትዓለም፣ እንዴት ነሽ? እኛ ለትንሽ ነው የተረፍነው። የሰፈራችን ነፋስ ቢበዛ ልብስ ከገመድ ያወርዳል፤ የዚህ ተራራ ግን ሰው ያወርዳል።

ጫፍ ደርሰን የረጂያችን የፍራሽ ነጋዴው ስም ያለበትን ባነር ለፎቶ ስንዘረጋ፣ ነፋሱ ፀጉር አስተካካያችንን ከነባነሩ ወደ ገደሉ ይጎትተው ጀመር።

«ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ።

«ነጋዴው ስሙን ፎቶ ላይ ካላየ ለሆስፒታሉ ሕፃናት አልጋ አይገዛም!» አለኝ፣ እግሩ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ።

እግሩ ላይ ተጠመጠምኩበት። ጨርቁ ተቀደደ፤ የነጋዴውን ስም ነፋሱ ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ። ጓደኛችን እጅ ላይ የቀረው «ለሕፃናቱ» የሚለው ቁራጭ ብቻ ነው። እሱን ይዘን ፎቶ ተነሳን።

 እማማን ሳሚልኝ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ በአንቺ ክፍል የተኙትን ልጆችም አንድ በአንድ። ነጋዴው «ስሜ የታለ?» ካለሽ፣ ከተራራውም በላይ ወጥቷል በይው።