በጥቁር ቀሚስ ላይ አረንጓዴ ክር

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ አራተኛ ፎቅ
ሰኔ 14 ቀን

እማዬ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትና ከቅናት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን በየደብዳቤው ስጽፍልሽ ስለከረምኩ ታውቂዋለሽ። ቅናቱን ግን ዓመት ሙሉ ደበቅሁሽ፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልተነፍሰው ነው። ብትስቂም ሳቂብኝ፣ ብትቆጪም ተቆጪኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ከነገ ወዲያ እዚህ ሰው አገር ከመጣሁ ዓመት ይሞላኛል። የመጣሁ ዕለት ሁለት ሻንጣ እየጎተትኩ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ ሊፍት መኖሩን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መሐንዲስ ልሆን መጥቼ ዓመቱን በሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ አፈር ስነፋ ከረምኩ። እውነቴን ነው። አፈሩን እናደርቃለን፣ በወንፊት እንነፋለን፣ እንመዝናለን፣ ውኃ እንጨምርበታለን፣ መልሰን እናደርቃለን። ቤት ዱቄት ንፊ ስባል ራሴን አመመኝ የምለዋ ልጅሽ እዚህ ከወንፊት ጋር ዋለች። በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ወድቄ ነበር፤ በሁለተኛው ደግሜ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ስወድቅ ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አንድ አስተማሪ ደግሞ አለን፣ ሲናገር ውሻ ያባረረው ይመስላል። ስድስት ወር አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቀው ቆይቼ አንድ ቀን እንደ ምንም ብዬ እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ። ደስታዬን ልነግርሽ ኮሪደሩ ላይ እየሮጥኩ ደወልኩልሽ፤ ስልኩን ያነሳችው ግን ተከራያችን ነበረች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

በገዛ ቤቴ፣ ማን ልበል! «ልጇ ነኝ» አልኳት።

«ውይ፣ ትርፌ! ትንሽ ጋደም ብላለች፤ ልቀስቅሳት?»

«ተያት» ብዬ ዘጋሁት። አንቺ በጠራራ ፀሐይ ጋደም ብለሽ አታውቂም። እንዳላናግርሽ የከለከለችኝ ነው የመሰለኝ።

ይህች ተከራያችን እንግዲህ የቅናቴ መነሻ ናት። በሄድኩ በሁለተኛው ወር «ቤቱ ጭር አለብኝ፣ ክፍልሽን ለአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ አከራየሁት» ብለሽ ስትጽፊልኝ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አባዬ ካለፈ ወዲህ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ስሄድ አንቺ ከስፌት መኪናሽ ጋር ብቻሽን ስትውዪ እያሰብኩ አንጀቴ ይንሰፈሰፍ ነበር። ሰው አገኘች፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ደብዳቤዎችሽ መምጣት ጀመሩ። ልጅቷ ጨዋ ናት። ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ ከቤት አትወጣም። ልጅቷ መጽሐፍ ስታነብልኝ ድምፅዋ ያምራል። ልጅቷ የመረጠችው መጋረጃ ክፍሉን አበራው። የኔን ክፍል መጋረጃ እኮ ነው የምትይኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይሪልኝ እያልኩ ስለምንሽ «ይሄ ምን ሆነ?» ስትይኝ የኖርሽውን።

መቅናት ለኔ አዲስ አይደለም፣ ታውቂኛለሽ። በልጅነቴ ልብስ በምትለኪባት የእንጨት አሻንጉሊት እንኳ እቀና ነበር። አፍሽን በስፒል ሞልተሽ «ቀጥ በይ እስቲ፣ ወገብሽን ላስተካክልልሽ» ስትያት እሰማና እበግናለሁ። አንድ ቀን ገፍትሬ ጣልኳትና አንገቷ ተሰነጠቀ። «ድመት ናት» አልኩሽ። ድመት አልነበረንም።

እዚህም ብሆን አላረፍኩም። የዶርም ጓደኛዬን እናቷ በየማለዳው ትደውልላታለች። ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው። እሷ ስልኩን ትራሷ ላይ ጥላ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» እያለች ፀጉሯን ታበጥራለች። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በሆዴ እመልሳለሁ፦ ዳቦ በላሁ፣ ሹራብ ለበስኩ፣ ይበርዳል።

ከጥር ወዲህ ደግሞ ደብዳቤሽ ባንቺ እጅ መጻፉ ቀረ። «መቀስ ይዤ እየዋልኩ ጣቴን ያመኛል፣ ልጅቷ ትጻፍልኝ» አልሽ። ጽሑፏ ክብ ክብና ትልልቅ ነው፤ ለአራት ዓመት ሕፃን የተጻፈ ይመስላል። እናቴን በሷ ፊደል ሳነብ ደሜ ይፈላ ነበር። በመጋቢት በስልክ እያወራን ሳለ «ትርፌ፣ እስቲ መቀሱን አቀብይኝ፣ እዚሁ አስቀምጬው ነበር» አልሽ። ያቀበለችሽ እሷ ናት። ትርፌ እኮ እኔ ነኝ! ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን እያገጣጠምሽ ያለበስሽኝ፣ ስሙንም ለዚያ ያወጣሽልኝ እኔ ነኝ። አንቺ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬሽን ቀጠልሽ። እኔ ክፍል ደረሰብኝ ብዬ ዘጋሁት፤ የዚያን ቀን ክፍል አልነበረኝም።

ባለፈው ወር በቪዲዮ ስንገናኝ ደግሞ «እስቲ ቀረብ በይ፣ ቀረብ በይ» አልሽና «ተመስገን፣ ወፈር ብለሻል» አልሽኝ። እማዬ፣ ስምንት ኪሎ ቀንሻለሁ። ጉንጬ ጎድጉዷል። የማደሪያው ጽዳት ሠራተኛ እንኳ መጥረጊያዋን አስደግፋ «አመመሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?» ብላኛለች። የወለደችኝ እናቴ ግን ፊት ለፊት አይታኝ ወፍረሻል አለችኝ። ልቧም ዓይኗም እዚያች ልጅ ላይ ነው፣ እኔን ለይስሙላ ነው የምታየኝ አልኩ። ለዕረፍት ልምጣ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ «ምን አደከመሽ፣ ጨርሰሽ ትመጫለሽ» ስትይኝ ጭራሽ ቆረጠልኝ።

እዚህ የመጀመሪያ ዓመት ለጨረሰ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው አንድ የደርሶ መልስ ቲኬት ይሰጣል። መሄድ ያልፈለገ ሁለቱን የዕረፍት ወር የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ መቆየት ይችላል። ቅጽ ይሰጡናል፣ «እሄዳለሁ» ወይም «እቆያለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን እስከ ዓርብ መመለስ ነው። እኔ አኩርፌ «እቆያለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። ሌላ ልጅ ካገኘች ምን ልሠራ እሄዳለሁ ብዬ።

በዚያው ሰሞን ጥቅልሽ ደረሰኝ። የዓመቱን ጥናታችንን በመምህራን ፊት ስናቀርብ እንድለብሰው የሰፋሽልኝ ጥቁር ቀሚስ። ከተረፈ ጨርቅ ሳይሆን ከሙሉ ጨርቅ የተቆረጠ የመጀመሪያ ልብሴ። እየተጣደፍኩ ለበስኩት። ትከሻው ወርዶ ክንዴ ላይ ደረሰ፣ እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ፣ ወገቡ የት እንዳለ አይታወቅም። አብሮት የመጣው ወረቀት በዚያው ክብ ጽሑፍ «ልጅቷ ላይ እየለካሁ ነው የሰፋሁት፣ ሰውነታችሁ አንድ ነው» ይላል። እንዴት ነው አንድ የሚሆነው? ፎቶዋን አይቻለሁ፣ በር ታክላለች! ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረኝ ያንኑ ለብሼ አቀረብኩ። እነሱ ስለ አፈር ይጠይቁኛል፣ እኔ እጅጌ እሰበስባለሁ። ውጤቴ ጥሩ ነው። ከአዳራሹ ወጥቼ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት ቀሚሱን ፈትቼ በልኬ ላደርገው መቀስና መርፌ ይዤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የቁልፎቹ ቀዳዳ ነው። ያንቺ ሥራ አይደለም። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ዙሪያው የተዝረከረከ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ስኖር አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ እንድሠራ ፈቅደሽልኝ ታውቂያለሽ? «የልብሱ ፊት እሱ ነው፣ እንዳትነኪው» ነበር የምትይኝ። ለሷ ዓመት ሳይሞላት ሰጠሻት! አፌ ላይ ያልመጣ ስድብ የለም፤ የማጠቢያው ማሽን ጩኸት ባይሸፍነኝ ሰው ይሰበሰብብኝ ነበር።

ከዚያ ቀሚሱን ገለበጥኩት። ረጅሙ ስፌት ያንቺ ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ መኪናውን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የምትመልሽው አለ። የትም ባየው እለየዋለሁ። ክሩ ግን አረንጓዴ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ መስኮት ስር ካልያዙት የማይለይ። ሌላ ሰው ይሄ ምን አለበት ይል ይሆናል። እኔን ግን ለአንድ ክር ሦስቴ ሱቅ መልሰሽኛል፤ «እኔ ያልኩሽ ውኃ ሰማያዊ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» እያልሽ። አንቺ አይተሽ በጥቁር ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ክር አትሰፊም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወፈር ብለሻል ያልሽኝ ደብዝዤ ስለታየሁሽ ነው። ጣትሽንም አላመመሽም፣ የምትጽፊው አልታይ ብሎሽ ነው። የሜትሩን ቁጥር ማንበብ ስላቃተሽ የልጅቷን ትከሻ በመዳፍሽ እየዳሰስሽ ቀሚስ ሰፋሽልኝ። መቀሱም አጠገብሽ ነበር። እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን ደበቅሽኝ? ብነግራት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለሽ ነው፤ አውቅሻለሁ እኮ። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ወር በመጋረጃ ስናደድ ከረምኩ። በራሴ አፈርኩ።

አሁን ደግሞ የማናግረው አንቺን ነው፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ የምታነቢላትን። እስካሁን ያነበብሽው ሐሜት ስላንቺ ነው። አንዲት ቃል አትዝለይ፣ በር ታክላለች ያልኩትንም ጭምር አንብቢላት። አስምላሽ ከሆነ አንቺ አልነገርሽኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ መሐላሽ አልፈረሰም። አሁን ግን እውነቱን ንገሪኝ። ሐኪም አይቷታል? ሁለቱም ዓይኗ ነው ወይስ አንዱ? ያን ቀን ጋደም ብላለች ስትይኝ ራሷን አሟት ነበር? ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውይልኝ። ስልኩን ለሷ ከመስጠትሽ በፊት ለኔ ንገሪኝ።

ምስጋና ይገባሻል፤ የኔን ሥራ ስትሠሪ ከርመሻል። ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ አሁንም እቀናብሻለሁ። እንዲያውም ብሶብኛል። ክንዷን ይዘሽ መንገድ የምታሻግሪያት አንቺ ነሽ። መርፌዋ ላይ ክር የምታስገቢላት አንቺ ነሽ። የቁልፍ ቀዳዳውን ስትሠሪ ጣትሽን መርፌ ወግቶሽ ይሆናል፤ በሱም እቀናለሁ። እኔ እዚህ አፈር ስነፋ አንቺ ከናቴ ጋር ነበርሽ።

ያንን ቅጽ ቀደድኩት። አዲስ ወስጄ «እሄዳለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ዛሬ ጠዋት አስረከብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ። ክፍሉን እንዳትለቂ። እኔ የምተኛው ከሷ ጋር ነው።

እማዬ፣ ልጅቷን አትቆጫት። ትምህርቴንም አልተውም፤ ሁለቱን ወር አብሬሽ ከርሜ እመለሳለሁ። ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ እምቢ ብትይም ተሸክሜሽ እሄዳለሁ። እስክመጣ ድረስ የያዝሽው ሥራ ሁሉ ይቆይ፤ ደንበኞችሽ ቢያኮርፉ እኔ መጥቼ አስታርቃለሁ። የቤታችንን ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ፈጣሪ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። ጤናሽን ይመልስልኝ፣ ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ ትርፌ

አንቺ አስተማሪዋ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ከስሜ በላይ ሦስት መስመር ጽፌ ነበር፣ ምን ያህል እንደምወዳት። ባንቺ ድምፅ ስትሰማው ታየኝና ሰረዝኩት። እሱን መጥቼ ራሴ ነኝ የምነግራት።