ብልቃጥ ቁጥር አሥራ ሰባት

ሮቤ፣ የካቲት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ከጠናባችሁ የእኛን አስባችሁ ተጽናኑ፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ ጆሮ ይቆርጣል። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሰሚያ ልጄ ደህና ናት፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ ስንዴውም ገብቷል። ሰላምታው እዚህ ላይ ያብቃ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማታስጨርሰኝ ነው። እኔ አንድ ቃል ሳልጨርስ አንተ ሦስቱን በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለህ። ለምን በኦሮምኛ በቁቤ አልጻፍሽም እንዳትለኝ ደግሞ፣ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቁቤን አነባለሁ እንጂ በእሱ መቆጣት ገና አልቻልኩበትም።

መስከረም ላይ ከነመኪናህና ከነባልደረቦችህ መጣህ። ከሽማግሌዎች ምራቅ እንሰበስባለን፣ መርሳት የሚያመጣው በሽታ ገና ሳይገለጥ ከምራቅ ይታወቅ እንደሆነ እናጠናለን አልከን። መልካም ነው አልኩ፤ ዕውቀት አልጠላም። ጥር ላይ ደውለህ የአባባ ውጤት ጥሩ አይደለም፣ ምልክቱ አለበት አልከኝ። እሱንም እሺ። ግን ከእኔ ቀጥሎ ለማን ደወልክ? ለአባባ ለራሱ አይደለም። ለአጎታችን ልጅ፣ ለዲኖ! አባባን በዓይንህ ጠብቀው፣ ወረቀት ላይ እንዳያስፈርሙት፣ በምስጢር ያዘው አልከው። ወንድሜ፣ አገር ምድሩ የዲኖን አፍ ያውቃል፤ አንተ ምን ነካህ?

ዲኖ ሲናና ላይ ከጎረቤቱ ከለሜሳ ጋር በእርሻ ድንበር ሲካሰስ ቆይቷል። ድንበሩን ድሮ ያካለለው አባባ ነበርና ሽማግሌዎቹ ለምስክርነት ጠሩት። ሀጂ ጃርሶ ይናገሩ ተባለ። አባባም ተነሥቶ ድንጋዩን ማን እንደተከለው፣ ከወንዙ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በዚያ ዓመት ማሳው ላይ ገብስ እንደነበረ አንድ በአንድ ተናገረ። ነገሩ ወደ ለሜሳ አጋደለ። ይሄኔ ዲኖ ብድግ ብሎ፣ አጎቴ ጤና አይደሉም፣ የገዛ ልጃቸው ምራቃቸውን አስመርምሮ አእምሯቸው እየሄደ ነው ብሎኛል፣ ምስክርነታቸው አይያዝ አለ።

አባባ ውጤትህን የሰማው በዚህ መንገድ ነው። በሠላሳ ሰው ፊት፣ ከዲኖ አፍ።

ከዘራውን አንሥቶ ወጣ አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የሚጠራው የለም። ሰው ያላስታረቀበት ሳምንት ያልነበረው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ አጥር አጥሩን ሲያይ ይውላል። የሚያቃጥለኝ ደግሞ መመረቁን መተዉ ነው። ልጆች ጎንበስ ሲሉለት እጁን ይሰበስባል፤ አፌን ካላመንኩት ምን ብዬ እመርቃለሁ ይላል። እግዜር ያሳይህ፣ ይህን ያደረግነው እኔና አንተ ነን።

እኔና አንተ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። መስከረም ላይ የምራቁን ብልቃጥ ለእኔ ሰጥተህ ጎባ ሆቴል አደርክ። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ እስከ መስመሩ ይሙላው ብለህ አዘዝከኝ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይዤለት ገባሁ። አባባ ሳቀብኝ። ምራቄን በልጅ ራስ ላይ እትፍ ብዬ እደግ እላለሁ እንጂ ከድኜ ለመንገደኛ አልሰጥም አለ። ለመንኩት። ልጅህ እኮ ነው፣ በባልደረቦቹ ፊት ያፍራል አልኩት። ምርቃት ከፈለገ መጥቶ ጎንበስ ይበል፣ ብልቃጥ አይላክብኝ አለ። በቃ፣ ሲል በቃ ነው።

ወጥ ቤት ገባሁ። አንተን ከሐፍረት ላድን ብዬ፣ የአንድ ቤት ሰው፣ የአንድ ደም ምራቅ ምን ይለያያል ብዬ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የተለጠፈበትን ብልቃጥ እኔው እስከ መስመሩ ሞላሁት። አንተም መጥተህ፣ ጎበዝ አባባ ብለህ በጨርቅ ጠቅልለህ ወሰድከው።

ከዚህ የሚከተለውን አንተ ነህ የተማርከው። እኔ በእጄ አልጽፈውም።

ጥር ላይ ስትነግረኝ ለምን ዝም አልሽ በለኝ፤ መብትህ ነው። ፈራሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ሲጠፋኝ ከአምና ጀምሮ ነው፤ ድካም ነው እያልኩ ተማሪዎቹን አንብቡ እላቸው ነበር። ስለዚህ ስልኩን ይዤ እሺ ብቻ አልኩህ። በአንተ የተቆጣሁትን ያህል በራሴም ተቆጥቻለሁ፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

ከሲናናው ጉድ በኋላ ግን አላስቻለኝም። አባባን ግቢ ውስጥ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እንዲቆጣኝም ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ለማን ነገርሽ አለኝ። ለማንም አልኩት። እንግዲያው አትንገሪ አለ። የሽማግሌ መርሳት እርጅና ይባላል፣ ማንም አይደነግጥበትም፤ የሙሽራ እናት ስትሆን ግን በዘራቸው አለ ብለው ሰሚያን ይተዉአታል፣ አንቺንም ከክፍል ያስወጡሻል፤ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በእኔ ይቅር አለኝ። እምቢ አልኩ። እሱም እምቢ አለ። እልኽን ከማን እንደወረስን ታውቃለህ።

ባለፈው እሑድ የሰሚያ እጮኛ አባት ዘይነዲን ከጎባ ሽማግሌዎች ይዞ የሰርጉን ቀን ሊቆርጥ መጣ። አባባ ነጭ ለብሶ ተቀመጠና ዘይነዲንን ኢዶሳ ብሎ ጠራው። ኢዶሳ የዘይነዲን አባት ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ሰዎቹ ተያዩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የምትዳረው የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀ። ሰሚያ አፏን ይዛ ወጣች። ዘይነዲን ግድ የለም ሀጂ፣ እርጅና ነው፣ እኛም እንደርስበታለን ብሎ እጁን ሳመውና ቀኑ ለሚያዝያ ተቆረጠ።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ አባባ አጥሩ ጥግ ጠራኝ። የዘይነዲንን አባቶች እስከ ሰባት ቆጠረልኝ። ቀጥሎ የእኛን ቆጠረ። የትም ላይ በደም አይገናኙም፣ ሳትፈሪ ዳሪያት አለኝ። አንድ ስም አልዘለለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ደህና አድርጌ ረሳሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ?

ስለዚህ ሥራህን ትተህ ና። ዲኖና ለሜሳ፣ እነዚያ ሠላሳ ሰዎችም ባሉበት ቆመህ፣ ብልቃጡ ተቀያይሯል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በል። ይህ ውሸት አይደለም። ከማን ጋር ተቀያየረ ቢሉህ አላውቅም ትላለህ፤ እሱ ውሸት ነው፣ አንተ ተሸከመው። ትንሽ ስምህ ቢጎድፍ አትሞትም። አባባ ያልታመመውን በሽታ ለብሶ በአገር ፊት እየዞረ ነው፤ መጥተህ አውልቅለት።

አላህ በሰላም ያምጣህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ቁጣዬን በቂም አትያዝብኝ፤ ከአንተ ሌላ የምቆጣው ወንድም የለኝም። ለእኔ ለራሴ የምትነግረኝ ነገር ካለህ ግን ከሰሚያ ሰርግ በኋላ ይሁን።

ታላቅ እህትህ