ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሲሲ፦ የአቶ ጀይሉ ቃሲም የሕይወት ታሪክ

አቶ ጀይሉ ቃሲም በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. በወሎ፣ ከከሚሴ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የጨፋ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ቃሲም ሙሐመድዘይንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡሜ እንድሪስ ተወለዱ። አዋላጇ ስትደርስ ልጁ ተወልዶ አልቅሶም ጨርሶ ነበር። እናታቸው ይህን ባነሱ ቁጥር "እሱ መቼ ሰው ጠብቆ ያውቃል!" ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በመንደራቸው ቁርአን ቀሩ። ቀጥለውም ከሚሴ ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በየሰዓቱ ውጣ ግባ ስላበዙ መምህራቸው በር አጠገብ አስቀመጧቸው። አባታቸው የከብት ነጋዴ ነበሩና ልጃቸውን ከሱቅ ሊያስቀምጡ ሞክረው ነበር። ሱቁ ግን በሰባተኛው ቀን ባለቤት አልባ ሆኖ ተገኘ፤ ጀይሉ ከብት ከሚነዱ አፋሮች ጋር እያወጉ ባቲ ድረስ ሄደው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. በወባ ማጥፋት ሥራ ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ የቦርከናን ወንዝ ይዞ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ሰው ለወባ ይገብር ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኛ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተር ሳይክል ተሰጣቸውና በየመንደሩ ከታማሚ የተወሰደውን የደም ናሙና ኮምቦልቻ ወዳለው ላቦራቶሪ ማመላለስ ጀመሩ። ሥራው ለእርሳቸው የተሰፋ ልብስ ነበር። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሲበላሽ የሚደርስላቸው ስለሌለ ሽርጣቸውን መሬት ላይ አንጥፈው፣ ብሎኑን በተራ ደርድረው፣ ራሳቸው ፈትተው ራሳቸው ይገጥሙ ነበር። እንዲህ እያሉ ከከሚሴ እስከ ደሴ የሚታወቁ መካኒክ ሆኑ።

በ1961 ዓ.ም. ከሰንበቴዋ ወይዘሮ ኡምኩልሱም አደም ጋር ኒካሕ አስረው መሊካን፣ ሙሀመድኑርንና ሶፍያን አፈሩ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም "እኔ የማውቀው ፊታቸውን ሳይሆን አቧራቸውን ነው" ብለው ይቀልዱ ነበር። ቀልድ ብቻም አልነበረም። አቶ ጀይሉ ምግብ እንኳ ቆመው መብላት ይቀናቸው ነበር።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ይህ አለማረፋቸው አስጠረጠራቸው። አንድ ሰው በሳምንት አሥራ አምስት ቀበሌ ሲዞር መታየቱ ለአብዮት ጠባቂዎች አልተዋጠላቸውም። ይዘው "ከመንደር መንደር ምን ስታመላልስ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። አቶ ጀይሉ እንደ ልማዳቸው ሳያስቡ "የሰው ደም" ብለው መለሱ። የላቦራቶሪው ደብዳቤ ደርሶ ነገሩ እስኪጣራ ሃያ ሦስት ቀን ታሰሩ። ሲፈቱም ከመታሰሩ ይልቅ ያንገበገባቸው በእነዚያ ቀናት ሳይመረመር የቀረው ናሙና ነበር።

በዚያው ዓመት አሮጌዋን መቶ ሰባ አምስት ሲሲ ሞተር ሳይክላቸውን መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግድ እርሳቸው ገዟት። የልብ ጓደኛቸው አቶ ሲራጅ በዳሶም እንዲሁ የተወገደች ሦስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ነበረቻቸው። አቶ ሲራጅ የከብት ደላላ ናቸው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ለመድረስ ከዚያች ሞተር በቀር ሌላ እግር አልነበራቸውም። ሁለቱ በጨፋ ሜዳ ላይ ሲሽቀዳደሙ ያላየ የከሚሴ ሰው የለም።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አሰብ ደርሶ ኮምቦልቻ የሚያበቃ የሞተር ሳይክል የረጅም ርቀት ውድድር በጥር እንደሚደረግ ተነገረ። ሁለቱ ጓደኛሞች ያን ቀን ሥራ አልሠሩም። ደንቡን ለማጽደቅ ኮምቦልቻ በተጠራው ስብሰባ ላይ ግን አንድ የውጭ ፋብሪካ ሦስት ጋላቢዎችን ከባለ አምስት መቶ ሲሲ ሞተርና ከመለዋወጫ መኪና ጋር እንደሚያሰልፍ፣ ለሞተር ጉልበትም ወሰን እንዳልተደረገ ተነበበ። አቶ ጀይሉ ሳይፈቀድላቸው ብድግ አሉ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የእኛ ሞተር ከሥራ የተረፈ ነው። አምስት መቶን ከመቶ ሰባ አምስት ጋር ማሰለፍ ሰንጋ ፈረስን ከጭነት አህያ ጋር ማሽቀዳደም ነው።"

"ፋብሪካው ቀረ እንበል፤ እሱ የሚችለውን የውድድሩን ቤንዚን ማን ይችላል?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አይቅር፤ ይምጣ። ግን ሱቅ የሚሸጠውን ይዞ ይምጣ፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲም አይለፍ። መለዋወጫውም ለሁላችንም ይሁን።"

ሦስት ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ የአቶ ጀይሉ ሐሳብ በእጅ ብልጫ አለፈ። ከአዳራሹ ሲወጡ ሰው ትከሻቸውን እየመታ አመሰገናቸው። አቶ ሲራጅ ብቻ ከበሩ አጠገብ ቆመው ጠበቋቸው።

"ጀይሉ፣ እኔንም እኮ አስወጣኸኝ" አሏቸው።

አቶ ጀይሉ የጓደኛቸው ሞተር ሦስት መቶ ሃምሳ መሆኗ ትዝ ያላቸው ያን ጊዜ ነው። "አንተን ትቼ አልሄድም" ብለው ማሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። የአቶ ሲራጅን ሞተር ፈቱ። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ሄደው ወፍራም ካሚቻ፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከውስጥ የሚያጠብ የብረት እጅጌ፣ አስቀረጹ። ለጠበበው ሲሊንደር የሚሆን ትንሽ ፒስቶን ደሴን አስሰው፣ አዲስ አበባ ልከው፣ በመጨረሻ ከአሰብ በመጣ ሹፌር እጅ አገኙ። ፒስቶኑ ከሚፈለገው በጥቂቱ ሰፋ ያለ ነበር፤ ሌላ ግን አልነበረም። በእርሳስ ደመሩ፣ አባዙ፤ "ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማ ነው" አሉ። ገደማ የምትለዋ ቃል በኋላ ብዙ አስከፈለቻቸው።

ውድድሩ ጥር ላይ ተካሄደ። በምዝገባው ዕለት የታየው ወረቀት ብቻ ነበርና ሁለቱም አለፉ። የከሚሴ ሕዝብ መንገድ ዳር ወጥቶ እልል እያለ ሸኛቸው። ከሚሌ በታች ባለው ሜዳ ላይ የአቶ ጀይሉ ትንሽ ሞተር በሙቀቱ ጉልበት አነሳት፤ ቀድመዋቸው የሄዱትን በአቧራቸው ብቻ አወቋቸው። አቶ ሲራጅ ግን በዚያ በጠበበ ሞተር ሁለቱን የፋብሪካ ጋላቢዎች እግር በእግር ተከትለው ሦስተኛ ሆነው ኮምቦልቻ ገቡ። ሦስተኛውን የፋብሪካ ጋላቢ ቀድመውታል። የሦስተኛ ሽልማት አራት አዲስ ጎማ ነበር። በዚያን ጊዜ ጎማ ደብዳቤ ተጽፎለትም አይገኝም ነበርና አቶ ሲራጅ በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

አቶ ጀይሉ ሰባተኛ ወጡ። ግን ቁጭ ብለው ሻይ መጠጣት አልቻሉም። የፋብሪካው ሞተሮች ዳገት ላይ ያሰሙት ድምፅ ጆሯቸውን ለቆ አልሄደም። "ይህ ሁለት መቶ ሃምሳ አይደለም፤ አታለውናል" ብለው ወሰኑ። ሽልማቱ ሊሰጥ ሲል እጃቸውን አወጡ።

"የሦስቱም አሸናፊዎች ሞተር ተከፍቶ ይለካ" አሉ።

አቶ ሲራጅ ዞር ብለው አዩዋቸው።

ሞተሮቹ ተፈቱ። ሲሲ ማለት ሲሊንደሩ የሚይዘው መጠን ነውና፣ ሲሊንደሩን በሐኪም ስሪንጅ ዘይት እየቀዱ ሞልተው ለኩ። የመጀመሪያው የፋብሪካ ሞተር ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሆነ። ሁለተኛውም ሁለት መቶ አርባ ሰባት። የአቶ ሲራጅ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት። ደግመው ለኩ፤ ያው ነው። ጎማዎቹ አራተኛ ለወጣው ለፋብሪካው ጋላቢ ተሰጡ። አቶ ሲራጅ የተፈታ ሞተራቸውን በጆንያ ሰብስበው በጭነት መኪና ከሚሴ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ እየኖሩ፣ በአንድ መስጊድ እየሰገዱ፣ አምስት ዓመት ያህል ከ"አሰላሙ ዐለይኩም" ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

የፋብሪካው ዋና መካኒክ የዚያን ካሚቻ አሠራር አይቶ ስለተደነቀ አቶ ጀይሉን አዲስ አበባ ባለው ወርክሾፕ ቀጠራቸው። እዚያ የቆዩት አምስት ወር ብቻ ነው፤ ግድግዳ አይወዱም ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የሚያሳርፋቸውን ሳይሆን ይበልጥ የሚያባንናቸውን ነገር ተማሩ። ሲሊንደር ሲበላ ይቀረጻል፣ ሲቀረጽ ይሰፋል፣ ፋብሪካውም ለሰፋው የሚሆን ተለቅ ያለ ፒስቶን በዕቃው ዝርዝር ውስጥ አለው። እንግዲያስ በሱቅ ሁለት መቶ ሃምሳ ተብሎ የተሸጠ ሞተር ሁለት ጊዜ ከታደሰ ሁለት መቶ ሃምሳ አራትም፣ አምስትም ይገባል። አዲስ ሞተር በየዓመቱ የሚያመጣው ፋብሪካ ግን ወሰኑን መቼም አያልፍም። ለድሃ ብለው ያወጡት ደንብ የሚጥለው ድሃውን መሆኑ ገባቸው።

ወደ ከሚሴ ተመልሰው ደንቡ እንዲሻሻል ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ለአዘጋጅ ኮሚቴው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። በመካከሉ የ1977 ድርቅ መጣ። ውድድሩ ተቋረጠ፤ እርሳቸውም በዚያችው በትንሿ ሞተር ናሙናና መድኃኒት ይዘው ከመጠለያ መጠለያ ሲባዝኑ ከረሙ። የኩላሊት ሕመማቸው የጀመራቸው ያን ጊዜ ነው። ለሰው አልተናገሩም።

በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ውድድሩ እንደገና ሲታወጅ አዲሱ ደንብ "ለታደሰ ሞተር እስከ ሁለት መቶ ስድሳ ሲሲ ይፈቀዳል" ይል ነበር። አቶ ጀይሉ ወረቀቱን ይዘው፣ ሽማግሌም ሳይልኩ፣ ከወይዘሮ ኡምኩልሱም ጋር በቀጥታ አቶ ሲራጅ ደጅ ሄዱ።

"ሲራጅ፣ እየው። ያንተ ሞተር አሁን ሕጋዊ ናት።"

አቶ ሲራጅ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና መለሱላቸው።

"እኔ የተቀየምኩህ በአራት ሲሲ መሰለህ?"

"እና በምን?"

"ሳትነግረኝ እጅህን በማውጣትህ ነው።"

አቶ ጀይሉ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ብነግርህ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው" አሉ።

"አልከለክልህም ነበር" አሉ አቶ ሲራጅ። "ክፈተው እልህ ነበር። አሁን ግባ፤ ደጅ አትቁም።"

ገቡ። ቁጭም አሉ። እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ሳይነሱ መቀመጣቸውን ወይዘሮ ኡምኩልሱም እንደ ተአምር ያወራሉ።

በዚያ ዓመት ጥር አቶ ሲራጅ በዚያችው በሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሞተር ተወዳደሩ። አቶ ጀይሉ ሕመሙ ስለጠናባቸው መጋለቡን ትተው መካኒካቸው ሆነው በጭነት መኪና ተከተሏቸው። አቶ ሲራጅ አምስተኛ ወጡ። ሞተራቸው ተለካ፤ በወሰኑ ውስጥ ሆነ። ሽልማት አልነበረም። አቶ ጀይሉ "ካርቡሬተሩን ብትሰማኝ ሦስተኛ ነበርክ" እያሉ እስከ ከሚሴ ድረስ ሲጨቃጨቁ መጡ።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት ሕመሙ አልጋ ላይ ጣላቸው። ደሴም አዲስ አበባም ታከሙ። ለእርሳቸው ከሕመሙ ይልቅ መተኛቱ ከበዳቸው፤ አልጋቸውን በመስኮት በኩል አስዞሩና የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በድምፁ ጉድለቱን ይናገሩ ነበር። ሲታመሙ በየቀኑ እየመጡ ገላቸውን ያጠቡ፣ ለሶላት ደግፈው ያስነሱ የነበሩት አቶ ሲራጅ ናቸው። በመጨረሻው ሳምንት አቶ ጀይሉ እጃቸውን ይዘው "ዐፍው በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አሏቸው። አቶ ሲራጅም "ዐፍው ብያለሁ፤ አንተም በለኝ፤ አምስት ዓመት ዝም ማለት የኔ ጥፋት ነው" አሉ። ይህን እኛ ቤተሰቦቹ ከጓዳ ሆነን ሰምተናል።

አቶ ጀይሉ ቃሲም እሑድ የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ከፈጅር ሶላት በኋላ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ቀባሪው ከሰንበቴም ከባቲም መጥቷል፤ የሰንበቴ ገበያ ቢሆንም ብዙ ሰው ከብቱን ሳይሸጥ ተመልሶ ደረሰ። እርሳቸው የደም ናሙናቸውን ያመላለሱላቸው፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎችም ነበሩ።

አቶ ጀይሉ የስድሳ ስምንት ዓመት እናታቸውን ወይዘሮ ፋጡሜን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኡምኩልሱምን፣ ሦስት ልጆቻቸውን መሊካን፣ ሙሀመድኑርንና ሶፍያን፣ እንዲሁም ይህን ታሪክ የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን መምህርት ረቢአን ትተው አልፈዋል። ስምዎ በዚህ ወረቀት እንዴት ይግባ ብለን አቶ ሲራጅ በዳሶን ስንጠይቃቸው፣ "ጓደኛ አትበሉኝ፤ ወንድሙ ብላችሁ ጻፉ" አሉን። ስለዚህ አንድ ወንድምም ትተዋል።

ያ ረብ፣ አርባ ሰባት ዓመት ያልተቀመጠውን ባሪያህን በእዝነትህ ጥላ ሥር አሳርፈው። የቸኮለበትን ማርለት፣ የደከመበትን ቁጠርለት፣ ቀብሩን አስፋለት፣ ማረፊያውን ጀነት አድርግለት። የቀረነውንም እርስ በርስ ዐፍው ሳንባባል አትውሰደን። አሚን።