የባጫ ስድስተኛ ባቄላ

አሰላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ገብረ መድህን፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና ተናደድኩ። ስምንት ወር ሙሉ እንደምን አለህ ስልህ መቼ መልሰህልኝ ታውቃለህ? ጥቅምት ላይ ከላክሃት ደብዳቤ ወዲህ አንዲት ቃል የለም። እማዬ እሷኑ እያጣጠፈች እየፈታች ማጠፊያዋ ላይ በስታታለች። ይህን የሚያደርስልህ ሾፌሩ ቱፋ ነው፤ ስንዴ ጭኖ አስመራ ሊወጣ ነው። የጦር ክፍልህን አፈላልጎ ካገኘህ በእጅህ ሊሰጥህ፣ ካላገኘህ ለእኔው ሊመልስልኝ ምሎልኛል።

የምጽፍልህ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ጨዋታው ላይ አጭበርብሬያለሁ፤ ያጭበረበርኩትም ባንተ መንገደኛ ላይ ነው። ከመቆጣትህ በፊት ግን ከመጀመሪያው ላስታውስህ፤ እንደሱ ካልሆነ ጥፋቴ ጥፋት አይመስልህም።

የእርሻ ልማቱ መጋዘን የተቀጠርክ ሰሞን፣ እዚያ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሎት ከሄደው ካርቶን ያችን ቀጭን መጽሐፍ ይዘህ መጣህ። ጨዋታ ነው አልከን። ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው፣ ወሬ ብቻ! አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቻችን መንገደኞች እንሆናለን፤ ተራኪው መንገዱን ያሳየናል፣ እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፣ የሚያስፈራ ነገር ላይ ስንደርስ ዕጣ ይጣላል። መዝገበ ቃላት ታቅፈህ ሁለት ወር ፈጀብህ። «መንገደኞቹ ከምድር በታች ያለ እስር ቤት ይገባሉ» ብለህ ያነበብክልን ቀን ጓደኛችን ደበላ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አቦ ተወን! በጨዋታም እስር ቤት?» አለ። እስር ቤቱን ሰርዘህ ጭላሎ ተራራ ስር ያለ ዋሻ አደረግከው። ዋሻው ውስጥ የተሰረቀ ዝናብ በጋን ተከድኖ ተቀምጧል፤ እኛ ሄደን ጋኑን ከፍተን ዝናቡን ለአገሩ እንመልሳለን።

መጽሐፉ የሚለው ብዙ ፊት ያለው ዕጣ አሰላ ገበያ ከየት ይገኛል? ስድስት ባቄላ ወስደህ አንድ አንድ ወገናቸውን በቀለም አጠቆርክ። ጥቁሩ ሲበዛ መንገደኛው ተሳካለት፤ ሲያንስ ቆሰለ ወይ ዘገየ። ስድስቱም በነጩ ከወደቁ ግን መንገደኛው አይመለስም።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አምስት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ አንተ፣ እኔ፣ ደበላ፣ ራቢያና ሣህሌ። እማዬ በስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ «በሩን ክፈቱት! አምስት ሰው በር ዘግቶ ካርታ ሲስል ያየ ቀበሌ ምን ይላል?» ትለን ነበር። እውነቷን ነው። በሩን ከፍተን፣ ቀዝቃዛው ነፋስ እየገረፈን ተጫወትን። ክፉ ቦታ ላይ ባደረስከን ቁጥር ባቄላውን በእጅህ እያንኳኳህ «አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» ትለኛለህ። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ያንን ጥያቄ እንዲህ እንደምናፍቀው ማን ነግሮኝ!

ከዚያ ሰው መጉደል ጀመረ። የሣህሌ አባት ተዛወሩ። ራቢያ ሲሬ ተዳረች። ደበላን በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሁለታችን ስንቀር፣ መጽሐፉ ከአራት ሰው በታች አይሆንም ይላል ብዬ አለቀስኩብህ።

«መጽሐፉ ስለ እኛ ቤት ምን ያውቃል?» አልከኝ። ደብተርህን አወጣህና ደንቡን በሁለት ሰው ልክ ቆረጥከው፣ እማዬ የአባባን ካፖርት ለአንተ እንዳጠበበችው። ተራኪው ራሱም መንገደኛ ይሁን አልክ። መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር ትረካውን እንቀያየር፣ አሥሩ ሽፍታ ሁለት ይሁን፣ ማንም ከመምታቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ለራስህም ባጫ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ፈጠርክ፤ ድምፁ የማያምር፣ ግን ዘፈን የማይተው። ያ ባጫ ከሽፍቶቹ ጋር በበቅሎ ዋጋ ሲከራከር እማዬ መርፌ ይዛ ስቃ ስቃ ጣቷን ወጋች። በአምስት ሰው እንደዚያ ጣፍጦን አያውቅም።

ጥር 1977 ያንተም ስም ወጣ። የሄድክ ቀን ደብተሩን ሰጠኸኝና «እማዬን ጨዋታው ውስጥ አስገቢያት፤ ብቻዋን እንዳትቀመጥ» አልከኝ። «እማዬን? ለዘንዶ ምሳ የምታቀርበውን ሴትዮ?» ብዬ ሳቅኩብህ። አልተሳሳትኩም። ዋሻው በር ላይ ዘንዶውን አፉን አስከፍቼ ሳመጣባት መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰካችና «ምን ሆኖ ነው? ማን አስቀየመው?» አለች።

«እማዬ፣ ዘንዶ ነው እኮ!»

«ዘንዶስ ቢሆን እናት የለውም?»

ለዚህ ደንብ የለህም። ዘንዶው አለቀሰ፣ አጎረሰችው፣ ገባን። ጋኑን ከፍተን ዝናቡን ለቀቅነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልታዘዝ አለች። ደብተርህ «የሌለ ሰው መንገደኛ ማረፊያ ቤት ይጠብቃል» ይላል። «ልጄን ሰው ቤት ጥዬ አልሄድም» አለች። ስለዚህ ባጫ አብሮን ይሄዳል፤ ዕጣውን የምትጥልለት እሷ ናት፣ ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳዋ በምታወጣቸው በራሷ ባቄላዎች። ስንት ጊዜ ቆሰለ፣ ስንት ጊዜ ተራበ፤ ስድስቱ በነጩ ወድቀውበት ግን አያውቁም። ዕድለኛ ነው እል ነበር፣ የዋሁ እኔ።

ሚያዝያ ላይ የብርቄ ልጅ መርዶ መጣ። እንደምታውቀው ጎህ ሳይቀድ ነው በሩን የሚያንኳኩት። ጎረቤታችን ናትና ጩኸቱን እኛው ሰማነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በር ሲንኳኳ እማዬ ትደርቃለች። ወተት የምታመጣልን ሀሊሜ ይህ ገብቷት፣ ገና ከመንገዱ ጫፍ «እኔ ነኝ! ሀሊሜ ነኝ! ወተት ነው!» እያለች ትመጣለች። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባታል፣ እሷ ግን አትተውም። እግዜር ይስጣት።

ከለቅሶው በኋላ በመጣው እሁድ ለጨዋታ ተቀመጥን። ወደ አሰላ እየተመለስን ከታር ወንዝ ደርሰናል፤ በለቀቅነው ዝናብ ሞልቷል። «ይኼ ነው ውለታው!» አለች እማዬ። በደንቡ ባጫ ቀድሞ መሻገር አለበት፣ በቅሎዋ የእሱ ናትና። እማዬ ጣሳዋን አላነሳችም። «ዛሬ እጄን ቁርጥማት ይዞኛል፤ አንቺ ጣዪለት» አለችኝና መነጽሯን ለመፈለግ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የእኛን ባቄላዎች አንስቼ ጣልኩ።

ስድስቱም ነጭ።

ገብሬ፣ አንዷን በአውራ ጣቴ ገለበጥኳት። «አንድ ጥቁር! ተሻገረ፣ ግን በቅሎዋን ወንዝ ወሰደበት» አልኩ። እማዬ «ተመስገን» ብላ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ጨዋታ ነው እላለሁ ለራሴ። ባቄላ ነው፣ ቢቀቀል የሚበላ። ግን ፈራሁ። ዕጣው እውነቱን ነግሮኝ እኔ አፉን የዘጋሁት መሰለኝ። በሚቀጥሉት እሁዶች ሁሉ የተማሪ ደብተር የማርመው አለኝ እያልኩ ሸሸሁ። ደህና ነው ያልኳትን እማዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ባለፈው እሁድ «ልጄን ወንዝ ዳር በእርጥብ ልብስ አቁመሽ እስከ መቼ ነው የምታርሚው?» ስትለኝ ተነፈስኩት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።

መኪናውን አቆመች። «አይቼሻለሁ እኮ። እኔም እጄን ልሰድ ስል ቀደምሽኝ» አለች።

ጣሳዋን አመጣችና ባቄላዎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አምስቱ እንደ እኛዎቹ ናቸው። ስድስተኛዋን ገለበጠቻት፤ ጥቁር። መልሳ ገለበጠቻት፤ ጥቁር።

«እሱ የሄደ ሳምንት ነው ያጠቆርኳት። መቁሰሉን፣ መራቡን፣ መዘግየቱን ለእግዜር ትቻለሁ። መመለሱን ግን ለባቄላ አልሰጥም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን በእኛዎቹ አስጣልሽኝ?»

«ከብርቄ ቤት ለቅሶ ተቀምጬ መምጣቴ ነበር። ሌላዋ እናት ያጣችውን እኔ በማታለል የያዝኩት መሰለኝና አፈርኩ። አንድ ጊዜ እውነቱን ልየው አልኩ። አየሁት። ሁለተኛ አላየውም!» አለች። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ለቅሶው መሃል ላይ ዘንዶው ትዝ ብሏት ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። አጭበርባሪ እናትና ልጅ! አባባ ቢያየን ምን ይል ነበር?

እንግዲህ እማዬ ሰፍታ ከደብዳቤው ጋር የላከችልህን መሐረብ ግለጠው። ጠርዙ ላይ ያለው እብጠት የስፌት ስህተት አይደለም፤ የእማዬ እጅ አይሳሳትም። ሁለት ወገኗ ጥቁር የሆነችው ባቄላ እዚያ ውስጥ ናት። አትፍታት፣ በኪስህ ያዛት። አሁን በእማዬ ጣሳ ውስጥ አምስት ቀርተዋል፣ በአምስት ደግሞ አይጣልም። የእኛዎቹን ስድስት ከሰኞ ጀምሮ በልተናቸዋል፤ ሽሮ ውስጥ ገብተው ተፈጩ። ስለዚህ ጨዋታው ያለ አንተ አንዲት እርምጃ አይሄድም። ይህን እንደ አዲስ ደንብ ደብተርህ መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እማዬም ፈርማበታለች።

ያስቀየምኩህ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ስትሄድ አልተሰናበትኩህም። ደብተሩን ተቀብዬ ስቄብህ ገባሁ። የጫናችሁ መኪና ከተነሳ በኋላ እስከ አደባባዩ ሮጬ ነበር፣ አላየኸኝም። እወድሃለሁ ልልህ ነበር የሮጥኩት።

አሁን ትረካው የእኔ ተራ ነው፣ ስማኝ። ባጫ ከከታር ማዶ ቆሟል። ልብሱ ርሷል፣ በቅሎው የለችም፣ እሱ ግን ተሻግሯል። ዝናቡ አባርቷል። ወደ አሰላ የሚያስገባው መንገድ ከፊቱ ነው፤ በሩም እንደ ድሮው ክፍት ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ?

መልስህን የምትጠብቅ እህትህ፣
ዋጋዬ