የሶሻሊስት በረዶ አይቀንስም ላሉን ለጓድ አስማማው

ለተከበሩ ጓድ አስማማው
የትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ጓድ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ድምፅዎ ያለ ድምፅ ማጉያ እንዲሰማ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሳይቀር እንዲዞርልዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ቢጠይቁኝ ደኅና ነኝ፤ የሚያመኝ ነገር የለም። ስለዚሁ አለማመም ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት እጅዎ ላይ ማድረስ ንቄ አይደለም። ግለ ሂሴን በሕዝብ ፊት እንዳቀርብ ያዘዙኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ የቀረውንም በሕዝብ ፊት መጨረስ ተገቢ ሆኖ ስለታየኝ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እናትዓለም ቢያዝን እባላለሁ፤ የሹም አቦ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ልኮ አስተምሮኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። የተማርሁት ስለ ተራራ የበረዶ ግግር ነው፤ በጋ ከክረምት ሳይል በተራራ ላይ ረግቶ ስለሚኖረው፣ ከክብደቱ የተነሣም ቀስ እያለ ቁልቁል ስለሚንፏቀቀው በረዶ ማለቴ ነው። ሥራችን ቀላል ነበር። ግግሩን ቦርቡረን ዘንግ እንተክላለን፣ በዓመቱ ተመልሰን ዘንጉ ከበረዶው በላይ ምን ያህል ብቅ እንዳለ እንለካለን። ብቅ ባለው ልክ በረዶ ሄዷል ማለት ነው። እኔ ሳልወለድ የነበሩት ለክተዋል፣ እኔም ለካሁ፤ ግግሩ ዓመት በዓመት እየሳሳ፣ ጫፉም ወደ ላይ እየሸሸ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ኢምፔሪያሊስቶች አይደሉም፤ የፓርቲ አባል የሆኑ ሽማግሌ መምህሬ ናቸው።

አሁን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዘንጎቹ። ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በረዶ ማሳየት ስላልቻልሁ ሐይቁን አሳየኋቸው። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ወደ ኋላ ማለት ሲጀምር ከዳር ጭቃው ላይ የሸምበቆ ዘንግ ተከሉ፣ በየሳምንቱም ውኃው የደረሰበትን በቢላዋ ምልክት አደረጉ። ጣና ሄዶ በክረምት እንደሚመለስ፣ የተራራው በረዶ ግን ሄዶ እየቀረ መሆኑን በዚህ አስረዳኋቸው። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃዎች ዘንጎቹን ከነጭቃቸው ነቅለው አመጡልዎ፤ እርስዎም አገላብጠው ካዩ በኋላ ከማዶ በታንኳ ለሚመጣ ፀረ ሕዝብ የተተከለ ምልክት ነው አሉ። ለንቃትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ የኖሩት የደሴት ሰዎች እንኳ አገር በሸምበቆ እንደሚወረር አያውቁም ነበር። አንደኛው ጥበቃ ተማሪዎቼን፣ “እናንተ ልጆች፣ ከሐይቅ ዓሣ ይወጣል እንጂ ሐይቅ ይለካል እንዴ?” ብሏቸዋል አሉ። በዚያ ሰሞን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የእሱ ይሻል ነበር።

፪ኛ. ስለ እርስዎ ጥያቄ። በውይይት ክበባችን ላይ ተነሥተው፣ “ጓድ እናትዓለም፣ የሶሻሊስት ወንድሞቻችንም በረዶ ይቀንሳል ነው የምትይን?” አሉኝ። ይቀንሳል አልሁ። የካፒታሊስቱስ አሉኝ። እሱም ይቀንሳል አልሁ። “ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?” ሲሉ አዳራሹ ሳቀልዎ። ልዩነት የለውም ብዬ መለስሁ። ከመልስ ሁሉ አደገኛው ይህ መሆኑን ሳልማር መመለሴ የራሴ ጉድለት ነው። የእኛም የሰሜን ተራሮች በጥንት ዘመን በረዶ ተሸክመው እንደ ነበር፣ ግግሩ የፋቃቸው ዐለቶችና እየገፋ የከመራቸው ድንጋዮች ዛሬም እንዳሉ ስናገር ደግሞ፣ “በፊውዳሉ ጊዜ በረዶ ነበረን፣ በአብዮቱ ቀለጠብን ልትይ ነው?” አሉ። ሺህ ዓመታትን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያሻግር አእምሮ ስለሰጠዎ ፈጣሪን፣ ወይም እርስዎ ደስ የሚልዎትን ማንኛውንም አካል፣ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ የብርጓል። እዚህ ላይ ቁጥሩን አቆማለሁ፤ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

የብርጓል ወልደ ሐዋርያት ተማሪዬ ናት። የተራራ የበረዶ ግግር በረጅም ጊዜ ውስጥ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ በፈተናው ላይ ነበረ። ከፈተናው በፊት እርስዎ በየክፍሉ ዞረው ትክክለኛውን መስመር ስላስረዱ፣ ጓደኞቿ “ይጠነክራል” ብለው ጻፉ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ አላቸው። እሷ ግን “ይቀንሳል፤ ሐይቁ ይመለሳል፣ በረዶው አይመለስም” ብላ ጻፈች። እርስዎ ወረቀቷን ወስደው ዜሮ ሰጧት፣ ከትምህርትም አገዷት።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ሴት ልጅ አስኳላ ምን ታደርጋለች የሚላቸውን ዘመድ ሁሉ ችለው ያስተማሯት ሰው ናቸው። ስትታገድ ግን ከዱርቤቴ ለልጃቸው የሚፈልጓት ሰዎች ሽማግሌ ላኩ፣ እሳቸውም እሺ አሉ፤ ሠርጉ በጥር ነው። ልለምናቸው ብሄድ፣ “ልጄ፣ እኔ እኮ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻት ነበር። እሱ መልሶ ከሰጠኝ ቤት አስቀምጬ ለወሬ ልዳርጋት?” አሉኝ።

ከዚያ እርስዎ አስጠሩኝ። ግለ ሂስ አድርጊ፣ ልጅቷ ሰኞ ክፍሏ ትገባለች አሉኝ። እሺ አልሁ።

በግግሩ ላይ ስንሠራ ሽማግሌው መምህሬ አንድ ነገር ይደጋግሙልን ነበር፤ ጣታችሁን ብርዱ ሲያማችሁ አትፍሩ፣ ማመሙን ሲተው ያን ጊዜ ፍሩ ይሉን ነበር። በአዳራሹ ፊት ቆሜ በረዶው አይቀንስም፣ ተሳስቻለሁ፣ ተማሪዎችንም አሳስቻለሁ ስል ምንም አላመመኝም። ጭብጨባውን ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ የሌላ ሰው ሠርግ ሰማሁት። ከፊት የተቀመጡት የኬሚስትሪ መምህር ሊያዩኝ አልፈለጉም፤ ጫማቸውን ያዩ ነበር። የግራው ማሰሪያ ተፈቷል። ከዚያ ቀን የማስታውሰው እሱን ነው።

ሰኞ ጠዋት የብርጓል የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች፤ ዘበኛው ከበሩ መለሳት። ቢሮዎ ስገባ ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሳቡልኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከዚያ በጣም ረጋ ብለው፣ “በረዶው እንደማይቀንስ በአፍሽ መሰከርሽ። እንግዲህ የልጅቷ መልስ ስሕተት ነው፣ ዜሮውም ትክክል ነው። መምህሯ ታርማ እሷ ያልታረመች ተማሪ እንዴት ትመለሳለች?” አሉኝ።

ክቡር ጓድ፣ ያኔም አላመመኝም። ወጥቼ ሐይቁ ዳር እስከ ማታ ተቀመጥሁ። ያወጣኋት መስሎኝ በገዛ አፌ በሩን እንደ ዘጋሁባት የገባኝ ቀስ እያለ ነው፤ በረዶ እንደሚሄደው።

ስለዚህ በመምህራን፣ በተማሪዎችና በዘበኛው ፊት እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ ተገድጄም ሳይሆን የልጅቷን መመለስ ልግዛበት ብዬ የተናገርሁት ነው። የተራራው በረዶ ይቀንሳል። ይህ ደብዳቤ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የሚያስረዳልዎ ምስክር የለዎትም፤ የልጅቷ መልስ ልክ ነው፣ ጥፋተኛዋም አንድ ሰው ብቻ ናት፣ እሷም ስሟን ከታች ጽፋለች። በአንድ ጥፋት ሁለት ሰው እንደማይቀጣ፣ ያልታረመች መምህርት እያለች ተማሪ እንደማይታገድ፣ በዚያ ጥርት ባለ አመክንዮዎ እንደሚረዱልኝ አልጠራጠርም። የብርጓልን ጥር ሳይገባ ክፍሏ ያስገቡልኝ። እኔን ለመውሰድ ግን ጥርን መጠበቅ አያሻዎትም፤ እስከዚያው ክፍሌ ውስጥ እያስተማርሁ ነኝ፣ የዛሬውም ትምህርት ስለ በረዶ ነው።

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለማራገቢያዎም መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ እስካሁን ካልቀለጠ አክብሮት ጋር፣

እናትዓለም ቢያዝን
የጂኦግራፊ መምህርት፣ ለጊዜው

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት (ልጅዎ ትክክል ነበረች)
ለኬሚስትሪ መምህሩ (ማሰሪያዎ ተፈቷል)

ማሳሰቢያ፦ ጥበቃዎቹ ሳያዩት የቀረ አንድ ዘንግ ከሐይቁ ዳር ካለው የደንገል ሣር ጀርባ አሁንም ቆሟል፤ የተከለችው የብርጓል ናት። ትናንት አየሁት፣ ውኃው ጥሎት ርቆ ሄዷል። ጊዜ ሲያገኙ ወርደው ይዩት፤ ወደ ኋላ ማለቱን አልተውም ካለ ሐይቁንም ግለ ሂስ ያስደርጉት፣ ለእኔ ያጨበጨቡት ለእሱም አይነፍጉትም።