ሐሙስ ዕለት ያልመለስኩልሽ ጥያቄ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለባሂጃ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ተሻለሽ? ትንሿ ልጅሽ ኢናስስ እንዴት ናት፣ ሳሏ ለቀቃት? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ ትበያለሽ? የምጠይቅሽን ሁሉ መልሱን እየፈራሁ ነው የምጠይቅሽ። እማና አባባ አልሐምዱሊላህ በጤና አሉ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን «ደህና» የሚለውን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ለማላውቀው ሰው እየቸረቸርኩት አፌ ላይ ቀሎብኛል። ላንቺ የሚሆን ሌላ ቃል እስካገኝ ልተወው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሲ ቱሃሚ ነው፤ ያ በሚኒባሱ ከፌዝ ጣሊያን የሚመላለሰው የሰፈራችን ሰው። ወደ ቤትሽ እንዳይወስደው፣ ምድር ቤት ለምትኖረው ለአልባኒያዊቷ ጎረቤትሽ ለድሪታ በእጇ እንዲሰጣት በቁርኣን አስምዬዋለሁ። እሱም «አንቺ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ዘይትና የሰው ምስጢር ስጭን አንድ ጠብታ አፍስሼ አላውቅም» ብሎ ተቆጣኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ያን ሐሙስ ከዘጋሽው ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል አታነሺም። ሁለተኛው፣ ድምፄን አላምነውም። ሐሙስ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ሰበብ ለመደርደር አይደለም። እኔም እየጻፍኩት ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ፈረንሳዮች ይደውላሉ፣ እኔም «ሜላኒ ነኝ» ብዬ አነሣለሁ። በየጠረጴዛችን ላይ መዳፍ የምታህል መስተዋት አለች። ፈገግታ በድምፅ ይሰማል ስለሚሉ፣ ስንሰደብም ጥርሳችን መታየቱን እንድናረጋግጥባት ነው። ደንበኛው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ከአራት ሰኮንድ በላይ ዝም ማለት ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ የምትይው ባይኖርሽም፣ ባይገባሽም፣ ልብሽ ቢደማም፣ አፍሽን በተጻፈልሽ ቃል ትሞይዋለሽ። ይህን ሁሉም በየመላው ይችለዋል። ከጎኔ የምትቀመጠው ኑሃይላ የሰደባትን ሁሉ የአህያ ጆሮ ቀጥላ ትስለዋለች፤ ሦስተኛ ደብተሯን ጀምራለች። የሦስት ልጆች አባት የሆነው ጀዋድ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃውን ይከፍትና ቧንቧውን ሲሳደብ ቆይቶ፣ ፊቱን ጠርጎ ሲመለስ «ዛሬም መልስ አልሰጠኝም» ይለናል።

የእኔ መላ ሌላ ነበር። ድምፄን እዚያ ትቼ እኔ እሄዳለሁ። አፌ «ሁኔታዎን በሚገባ እረዳለሁ» ሲል፣ እኔ ሰገነታችን ላይ ከአንቺ ጋር ልብስ አሰጣለሁ፣ ወይ ገበያ ወጥቼ ባቄላ እመርጣለሁ። ስድቡ ሰው የሌለበት ቤት ሲያንኳኳ ይውላል። አለቃችን ሪሃብ የተቀዳ ድምፄን ለሁሉም አሰምታ «ዊዳድ ድንጋይ ናት፣ ከሷ ተማሩ» ስትል ኮርቼ ነበር። እኔ ሞኟ፣ የተላከ ነገር ሁሉ ሲጠሩት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሐሙስ በነሱ አገር ማዕበል መስመሩን በጥሶት ዘጠና አራት ጥሪ አነሣሁ። ከሰዓት በኋላ አንዱ «ወደ አገርሽ ሂጂ» አለኝ። አገሬ ነኝ፤ ከዚህ ተነሥቼ ወዴት እንደምሄድ ግራ ገባኝ። አፌ ግን «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ የድሪታ፣ ድምፁ ግን የአንቺ ነበር።

ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ዊዳድ፣ ዛሬ መቆለፉን ረስቶት ሄደ። ስምንት ወሩ ነው በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ሥራ ሲሄድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ብቻ ነው የምወጣው። የእኔንም የኢናስንም ፓስፖርት ድሪታ ጋ ደብቄያለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄን ይዤ ብመጣ ቤት አለኝ ወይ?» አልሽኝ። ከዚያ ዝም አልሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አፌም ተከፈተ። ያውም በፈረንሳይኛ። «ሁኔታዎን በሚገባ እረዳለሁ፤ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ ይደርስዎታል። ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?» ይህን ላንቺ አልኩሽ። ጸጉሬን እየጎነጎንሽ ላሳደግሽኝ እህቴ፣ አንቱ እያልኩ፣ እየሳቅሁ። አንቺም ቀስ ብለሽ «የለም፣ አመሰግናለሁ» አልሽኝና ዘጋሽው።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ነው። መልሼ ስደውል የአንቺ ስልክ አይነሣም። ወደ ድሪታ ደወልኩ። በቀን መቶ ሰው የማነጋግረው እኔ፣ ከሷ ጋር የሚያግባባን ቋንቋ አጣሁ። «ባሂጃ ቤኔ፣ ባምቢና ቤኔ» እያለች ደጋገመችልኝ፤ ደህና ናቸው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ግን ምን ዓይነት ደህና? የእኔ ዓይነቱ ደህና ከሆነስ? ተቀይመሽኝ ይሁን፣ ወይስ ባልሽ አብደሊላህ ስልክሽን ወስዶብሽ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ተቀይማኝ በሆነ እያልኩ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት፤ ሰው እህቱ እንድትቀየመው ይጸልያል ወይ?

ዘጠኝ ቀን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳቦ አሳረርኩ። እማ «ምነው ልጄ፣ ሐሳብሽ የት ነው?» ስትለኝ «ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «እኔ ልጅ ነው የወለድኩት፤ ራዲዮ አልወለድኩም» አለች። የፈረንጆቹ እርግማን በጆሮዬ ገብቶ እንደተቀመጠ ወዲያው ገባት። ቀደም ብላ የሥራ ማዳመጫሽን አምጪና ልየው ብላኝ፣ ዐርብ ማታ በቦርሳዬ ይዤው መጥቼ ነበር። የዓይን ማባረሪያዋን፣ ጭብጥ የሐርመል ፍሬና አንድ ድቡልቡል የሸብ ድንጋይ፣ ከፍም ላይ ጣል አድርጋ፣ ማዳመጫውን ሦስት ጊዜ በጢሱ ላይ አዞረችው። ሸቡ እያበጠ ዓይን የመሰለ ነገር ሲያወጣ «ይኸው፣ ተመልከቺው፣ ሰማያዊ ዓይን ያለው ሰው ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

እማ አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። የፍሙን መቆንጠጫ እንደያዘች «ቤት አለኝ ወይ ብላ ጠየቀች? የገዛ ቤቷን?» አለች። ይህንኑ እስከ ምሳ ድረስ እየደጋገመች ዋለች።

አባባ ግን ስንነግረው ሌላ ነገር ተናገረ። «ትታገሥ። በሰው ትዳር ውስጥ አይገባም። በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አሁን ምን ብዬ እቀበላለሁ?» ብሎ ጀላባውን ለብሶ ወጣ። እኔም ተናድጄ፣ ለባሂጃ ይህን ልጽፍላት ነው ወይ እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

እግረ መንገዴን ትንሽ ላስቅሽ። ሰኞ ማዳመጫውን መለስኩት፤ ሽታው ግን አለቀቀውም። ሪሃብ ሽቦ እየተቃጠለ መስሏት የእኛን መደዳ በሙሉ ወደ ውጭ አስወጣችን። ጀዋድ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ «በስድስት ዓመት ውስጥ ያረፍኩት ዛሬ ነው፤ እናትሽን እጇን ሳሚልኝ» አለኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ ቤት ስገባ ከሰገነቱ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክፍልሽን አባባ ለወፎቹ እንደሰጠው ታውቂያለሽ። ወጥቼ ሳይ የወፎቹን የሽቦ ቤት አንድ በአንድ ወደ ራሱ መኝታ ቤት አውርዶ ጨርሷል። ምነው ስለው «ብርዱ ከበደባቸው» አለኝ፤ አላየኝም። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ድመት ወፎቹን እንዳትበላበት ብሎ በውጭ በኩል የመታው መቀርቀሪያ አልነበረ? እሱን ነቀለው። ነቅሎም በሩን ዘግቶ፣ በውስጥ በኩል መታው። ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረውና መዶሻውን ይዞ ወረደ። እራት ላይ እማ ስምሽን ስታነሣ ግን አሁንም «ትታገሥ» ነው ያለው። እንግዲህ የትኛውን ልጻፍልሽ፣ አፉን ወይስ እጁን? ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም ጻፍኩልሽ።

ሁሉም ነገር እንዲህ ሆኖብኛል። ድምፄን ብቻዋን ወደ ሥራ መላክ ትቻለሁ፤ አሁን እኔም አብሬያት እገባለሁ። ሲሰድቡኝ ይሰማኛል፣ መስተዋቷ ውስጥ ዓይኔ ቀልቶ አየዋለሁ፣ ነጥቤም ወርዷል። ሪሃብ «ድንጋዩ ምን ነካው?» ትለኛለች። ድንጋይ ሆኖ መክረምና በየቀኑ መድማት፣ የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ሰፈሩ ምን እንደሚል፣ ኢናስ አባቷን ስትጠይቅ ምን እንደምትመልሽላት፣ ይህንንም አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ገብቶኛል። ልምጣ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ቤት አለኝ ወይ ነው ያልሽው። መምጣቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ስለ ቤቱ ግን መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ይኸው መልሱ። አለሽ። ክፍልሽ ታጥቧል፣ የወፍ ላባም አልቀረበት፣ እማ ሁለት ፍራሽ አንጥፋለች። ሲ ቱሃሚ ኖቬምበር 24፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከገበያችሁ ጀርባ መኪናውን አቁሞ እስከ ቀትር ይጠብቃል። ከሹፌሩ ኋላ ያሉት ሁለት ቦታዎች በማንም አይያዙም። ካልመጣሽ ባዶአቸውን ይመጣሉ፤ በሚቀጥለውም ወር እንደዚሁ ባዶ ይጠብቁሻል።

እማ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ለኢናስ የማር ብስኩት ልካላታለች፤ አንቺ እንዳትጨርሺባት ብላለች። አባባ ሰላም በይልኝ አላለም፤ ግን ደብዳቤውን ስጽፍ አይቶ «ስትጨርሺ ደጋግመሽ ለጥፊው፣ እንዳይከፈት» ብሎኛል፤ ሰላምታው ይሁንልሽ። ኑሃይላና ጀዋድ በሩቁ ሰላም ይሉሻል። ድሪታን እጇን ሳሚልኝ፤ የሰው ቋንቋ ባልነበረኝ ሰዓት ያነጋገረችኝ እሷ ናት። ኢናስን ሁለቱንም ጉንጯን። በደብዳቤ ላይ የቤቱ አባወራም ሰላም ይባላል፤ እዚህ ላይ እጄ ቆመ። አብደሊላህ በሠርግሽ ቀን ጎንበስ ብሎ የአባባን ጫማ ያሰረለት ሰው ነው። እሱንና በር የሚቆልፈውን ሰው አንድ ማድረግ አቃተኝ፤ ስለዚህ መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ።

ስልክ ካገኘሽ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። አንስቼ ዝም ብልሽ ግን እንዳትዘጊው። አራት ሰኮንድም አልፎ ዝም ካልኩ፣ ያነሣችው ሜላኒ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትሽ ዊዳድ

ፌዝ፣ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2018